ባዮስታቲስቲክስን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

በኅብረተሰብ ጤና መስክ ለመሥራት አስባችሁ በባዮስታቲስቲክስ፣ ማለትም የጤና መረጃን በሚመለከተው የስታቲስቲክስ ዘርፍ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የምታመነቱ ልጆች በየጊዜው የምታቀርቡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ሂሳቡ ይከብዳል ወይ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ልወቅ፣ ስመረቅ ሥራ አገኛለሁ ወይ የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ስለሆኑ እመለስባቸዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት የሚገባው፣ ነገር ግን እምብዛም ሲነሣ የማልሰማው ጥያቄ፣ የዚህ ሙያ ሰው ዕለት ተዕለት የሚሠራው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ ሲባል ሌሎች ሰብስበው ያመጡለትን ቁጥር በቀመር አስልቶ ውጤት የሚያወጣ ሰው ይመስለዋል። በእኔ እምነት የሙያው ዋና ክፍል የሚያልቀው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ቁጥሩ ከማን፣ እንዴትና ለምን እንደተሰበሰበ፣ ማን እንደተካተተና ማን እንደቀረ በመመርመር።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የተካሄደው የሳልክ የፖሊዮ ክትባት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሙከራው በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት አሠራር አልተካሄደም። በአንዳንድ አካባቢዎች ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲከተቡ፣ የአንደኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሳይከተቡ ለማነጻጸሪያ ያህል ክትትል ይደረግባቸው ነበር። በሌሎች አካባቢዎች ደግሞ ፈቃድ ያገኙት ልጆች በሙሉ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባቱን የሚመስል ነገር ግን ምንም የማይሠራ ፈሳሽ ማለትም ፕላሴቦ ተወጉ፤ ማን የትኛውን እንደተወጋ ልጁም፣ ወላጁም፣ መርማሪው ሐኪምም አያውቁም ነበር።

ዕጣ በወጣባቸው አካባቢዎች በፖሊዮ የተያዙት ከ100,000 ልጆች በክትባቱ ወገን 28 ያህል፣ በፕላሴቦው ወገን 71 ያህል ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ወላጆቻቸው ካልፈቀዱላቸው ልጆች ግን ከ100,000 የተያዙት 46 ያህል ሆኑ። እነዚህም፣ ፕላሴቦ የተወጉትም ክትባቱን አላገኙም፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ለመፍቀድ ይበልጥ የሚቀናቸው የተሻለ ኑሮ ያላቸው ወላጆች ነበሩ። በተጨናነቀና ንጽሕናው በተጓደለ ቤት የሚያድግ ሕፃን ገና ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በሰውነቱ ሳለ ቫይረሱ ስለሚያገኘው፣ ሳይጎዳ የራሱን መከላከያ የማዳበር ዕድል አለው፤ በንጹሕ ቤት ያደገው ልጅ ግን ከቫይረሱ ጋር የሚገናኘው ዘግይቶ፣ ያ ጥበቃ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያገኙትና ያላገኙት ልጆች ከመጀመሪያውም ለበሽታው እኩል የተጋለጡ አልነበሩም። በክፍል ደረጃ በተነጻጸሩት አካባቢዎች ከ100,000 የተያዙት በተከተቡት ወገን 25፣ በማነጻጸሪያዎቹ ወገን 54 የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንደኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ወላጆቻቸው የሚፈቅዱላቸውም የማይፈቅዱላቸውም ተቀላቅለው ስለነበሩ፣ የክትባቱ ጥቅም ከእውነተኛው አንሶ ታየ።

እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት ከማካፈል ያለፈ ስሌት እንዳላስፈለገ ልብ በሉ። ጥበቡ ያለው ዕጣው ላይና «እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ዕጣ በሌለበት ጥቅሙ አንሶ እንደሚታይ ሁሉ፣ ከእውነተኛው በልጦ መታየቱም ያጋጥማል። ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ለልብ ሕመም የሚጋለጡት ያነሰ መሆኑን ለዓመታት በርካታ የክትትል ጥናቶች ያመለክቱ ነበር። በዕጣ ተመድበው የተጠኑ 16,608 ሴቶችን የያዘው ዊሜንስ ሄልዝ ኢኒሼቲቭ የተባለው የአሜሪካ የሴቶች ጤና ጥናት ሙከራ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰጣቸው የሁለት ሆርሞኖች ጥምረት ጉዳት ከጥቅሙ ስላመዘነ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ቀድሞ በተደረጉት ጥናቶች ስሌቱ የተሳሳተ አልነበረም፤ ሆርሞን ለመውሰድ የመረጡት ሴቶች በኑሮም በጤናም ከሌሎቹ ይለዩ ነበር፣ ሕክምናውን የጀመሩበት ዕድሜም የራሱ ድርሻ እንዳለው ኋላ ብዙ ተጽፏል።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። አዎ፣ ይከብዳል፣ ይህን መደበቅ አይገባም። ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ሳይይዙ የሚገቡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት በመጀመሪያው ዓመት የፕሮባቢሊቲና የኢንፈረንስ (ከናሙና ተነሥቶ ስለ ሁሉም የመደምደም) ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ላይ ነው። ከነርሲንግ፣ ከፋርማሲ ወይም ከሕክምና የምትመጡ ልጆች ይህን ፈርታችሁ እንድትቀሩ አልፈልግም፤ ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ዓመት ወስዳችሁ እነዚህን ኮርሶች በሚገባ ብትከልሱ ግን ገብታችሁ ከመንገዳገድ ትድናላችሁ። ለሂሳብ ተመራቂዎች ደግሞ የምሰጠው ምክር ሌላ ነው። የእናንተ ጉድለት በሽታውንና የሚለካበትን መንገድ አለማወቅ ነውና፣ ኤፒዲሚዮሎጂን፣ ማለትም የበሽታን ስርጭትና መንስኤ የሚያጠናውን ትምህርት፣ እንደ ግዴታ ኮርስ ቆጥራችሁ ለማለፍ ብቻ አትውሰዱት።

ራሳችሁን ለመፈተን ይህችን በእጃችሁ ሥሯት። ከ10,000 ሰዎች 1 በመቶው አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ካለባቸው 99 በመቶውን ይለያል፣ ከሌለባቸውም 95 በመቶውን ነፃ ይላል። ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙ «አለብህ» ይባላሉ፤ ከሌለባቸው 9,900 ሰዎች ግን 495ቱም «አለብህ» ይባላሉ። በድምሩ 594 ሰዎች ተይዛችኋል ሲባሉ፣ በእርግጥ የታመሙት ከስድስት አንዱ ብቻ ናቸው። አንዳንድ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። እናንተ ከተገረማችሁ በኋላ በሽታው 20 በመቶ በሆነበት ክሊኒክ ምን እንደሚሆን ለማስላት ወረቀት ከፈለጋችሁ፣ ለዚህ ሙያ የሚሆን ጠባይ አላችሁ ማለት ነው።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ የምለው የለኝም። አር (R) የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ መድኃኒት አምራቾች ዘንድ ሳስ አሁንም ሥር የሰደደ ነው፣ ስታታን ኤፒዲሚዮሎጂስቶች ይወዱታል። አንዱን ጠንቅቃችሁ ብትይዙ ሁለተኛው አይከብዳችሁም። ፕሮግራሞቹ ይለዋወጣሉ፤ ሕሙማን ሞት ወይም ሌላ ክስተት እስኪደርስባቸው ያለውን ጊዜ የሚተነትኑት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው የካፕላን ሜየር ዘዴና በ1972 የታተመው የኮክስ ሞዴል ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ ጥናት ውስጥ አሉ።

ፕሮግራም ስትመርጡ ሁለት ዓይነት ዲግሪ ታገኛላችሁ። አንዱ ባዮስታቲስቲክስን እንደ ልዩ ትኩረት የያዘ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ነው፤ ስፋት አለው፣ ንድፈ ሐሳቡ ግን ይቀንሳል። ሌላው በራሱ በባዮስታቲስቲክስ የሚሰጥ ማስተርስ ነው፤ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ የመቀጠል ሐሳብ ያለው ይህን ቢመርጥ ይሻላል። ከስሙ ይልቅ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ተማሪዎች ከእውነተኛ ተመራማሪ ጋር ተቀምጠው ጥናት የሚነድፉበት የማማከር ኮርስ አለ ወይ? የመመረቂያ ጽሑፉ የሚሠራው በተጣራ የመማሪያ ዳታ ነው ወይስ ከመስክ በመጣ? መምህራኑ ከጤና ተቋማት ጋር አብረው ይሠራሉ ወይ? ይህን ከድረ ገጹ አታገኙትም፣ የተመረቁትን ጠይቁ። ስለ ገንዘብም በግልጽ ልናገር፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ በምርምር ረዳትነት ወጪው ሲሸፈንለት፣ የማስተርስ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ለዝነኛ ስም ብላችሁ ከባድ ዕዳ ውስጥ አትግቡ።

ሥራውን በተመለከተ በጤና ሚኒስቴሮች፣ በበሽታ ቅኝት፣ በመድኃኒት ሙከራዎች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቦታ አለ። አብዛኛው ቀን ግን የሚያልፈው ዳታ በማጽዳት መሆኑን ከወዲሁ እወቁ። በዕድሜው ዓምድ ላይ 99 የሚል ቁጥር ሲደጋገም፣ ሰዎቹ አዛውንት ናቸው ወይስ መረጃ ሰብሳቢው «አልታወቀም» ለማለት የተጠቀመበት ኮድ ነው? መጠይቁን አንሥቶ ያላየ ሰው አማካዩን ያሰላና ይቀጥላል፤ ኮምፒውተሩም ስህተት አለ አይለውም።

ሌላው የሥራችሁ ክፍል አይሆንም ማለት ነው። የደከመበት ጥናት «ውጤት አላሳየም» የተባለ ተመራማሪ ወደ እናንተ መጥቶ በሴቶች ብቻ ብናየው፣ ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ብቻ ብናየውስ ይላችኋል። በዚህ ጊዜ አይሲስ 2 የተባለውን ጥናት ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው በዚህ ጥናት ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) እንደደረሰባቸው የተጠረጠሩ 17,187 ሕሙማን የተካተቱ ሲሆን፣ አስፕሪን ሞትን እንደሚቀንስ በማያጠራጥር ሁኔታ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ግን ሕሙማኑን በትውልድ ኮከባቸው ከፋፍለው ሲያዩ፣ ገውዝና ሚዛን ለሆኑት አስፕሪን የጎዳቸው መስሎ ታየ። ዳታን ደጋግሞ የሚቆራርጥ ሰው የሚፈልገውን አንድ ቦታ ማግኘቱ እንደማይቀር ለማሳየት ይህንኑ በጽሑፋቸው አካተቱት። ይህን ለጥናቱ ባለቤት ሳያስቀይሙ፣ ሳይለሳለሱም መንገር የሚለመደው በተግባር ነው፤ በትምህርት ዘመናችሁ የማማከር ኮርስ ፈልጉ ያልኩትም ስለዚህ ነው። ጥሩ መጻፍም እዚህ ላይ ይረዳል፤ የውጤት ክፍሉን ብዙውን ጊዜ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

የማመልከቻ ደብዳቤያችሁን ስትጽፉ ሂሳብ ከልጅነታችሁ ጀምሮ እንደምትወዱ የሚያትተውን አንቀጽ አውጡት፣ መራጮቹ በየዓመቱ ያነቡታል። በምትኩ ያያችሁትን አንድ የጤና ጥያቄ አንሡ፤ መልሱን ለማግኘት ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያስፈልግና ያለው መረጃ ለምን እንደማይበቃ በግማሽ ገጽ አስረዱ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁም ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች አለመሆናቸው አያስጨንቃችሁ፤ ከዳታ ጋር ስትታገሉ ያየ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ተቀምጦ ያረመ አስተማሪ ወይም አለቃ ካላችሁ እሱን አስቀድሙ፤ ጊዜው ሳይጠብበትም ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁት።