ልጄ ታማለች፤ ስልኬን ግን አታነሳም

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሉፐስ እንዳለባት ተነገረን። ሌላ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፣ ትሠራለች። ኮሮና ከገባ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥቻለሁ። የምትወስደው መድኃኒት የሰውነት መከላከያዋን እንደሚያዳክም ሐኪሟ ነግሮናል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እደውላለሁ። «መድኃኒትሽን ዋጥሽ? ሙቀትሽን ለካሽ? ቤትሽ ማን ገባ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ትመልስልኝ ነበር። አሁን ስልኩን አታነሳም። ማታ ላይ «ደህና ነኝ» ብላ ትጽፍልኛለች፣ በቃ። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ ከበሽታው ይልቅ ያንቺ ስልክ ነው ያደከመኝ» አለችኝ። አንጀቴ ቆሰለ። ባለቤቴ «ትልቅ ሰው ናት፣ ተያት» ይላል። እንዴት ነው የምተዋት? ሄጄ ጠቅልዬ ላመጣት አስቤያለሁ። ታናሽ ወንድሟ እኛ ጋር ነው። እሱስ አያስቸግረኝም፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚውለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው «አትጨነቂ» የሚልዎት ሰው በዙሪያዎ የበዛ ስለመሰለኝ ነው። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ መልሶ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ነው። መድኃኒቶቹ ደግሞ ያንን መከላከያ ያበርዱታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ያለቻት እናት ኮሮና ባለበት ጊዜ እንቅልፍ ብታጣ የሚገርም ነገር የለውም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደውለው ልጅዎ «ደህና ነኝ» ስትልዎት ምን ያህል ጊዜ ይረጋጋሉ? ግማሽ ሰዓት? አንድ ሰዓት? ከዚያ «ድምጿ ደክሟት ነበር እንዴ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ስልኩ ይነሳል። ጭንቀት እንዲህ ነው የሚሠራው። ማረጋገጫ በሰጡት ቁጥር ለጊዜው ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ሌላ ይጠይቃል። ስድስተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው የበለጠ ያረጋጋዎት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ልጅዎ አለች። ከሥር የሰደደ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው በቀን ውስጥ ሕመሙን የሚረሳባቸው ሰዓታት አሉት። ሥራው ውስጥ ሲገባ፣ ከጓደኛ ጋር ሲስቅ፣ ፊልም ሲያይ። ስልኩ ጠርቶ «ሙቀትሽን ለካሽ?» ሲባል እንደገና ታማሚ ይሆናል። ልጅዎ «ስልክሽ አደከመኝ» ያለችው እርስዎን ጠልታ ሳይሆን ያቺ የእረፍት ሰዓቷ አልቃባት ይመስለኛል። ድካም ደግሞ ለሉፐስ ታማሚ እንዲሁ የሚባል ቃል አይደለም። ከሕመሙ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው፤ ተኝተው ተነስተውም የማይለቅ ድካም።

አንድ የቆየ ጥናት ላንሳ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጆርጅ ብራውን የሚባል እንግሊዛዊ ሶሲዮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ተከታተለ። ወደ ቤተሰብ መመለስ ሁልጊዜ ይጠቅማል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ግን ትችትና ቁጣ የበዛበት ወይም ከልክ ያለፈ ጥበቃ ያለበት ቤት የገቡት ላይ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ ሲያገረሽ አዩ። ልጅዎ የዚያ ዓይነት ሕመም የለባትም፤ ጥናቱም ስለ ሉፐስ አይናገርም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ ከልክ ያለፈ ጥበቃ ከቁጣ ጎን መሰለፉ። እኛ እንክብካቤ ብለን የምንሰጠውን ተቀባዩ «አታምነኝም ማለት ነው» ብሎ ሊሰማው ይችላል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የሚፈራ ወላጅ ያለው ልጅ መደበቅ ይለምዳል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ያድናል ተብሎ ሲወራ ሕዝቡ መድኃኒት ቤት የወረደበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። ያ መድኃኒት ብዙ የሉፐስ ታማሚዎች በየቀኑ የሚውጡት ነው። በተለያዩ አገሮች ታማሚዎቹ የራሳቸውን መድኃኒት ፍለጋ ተንከራተዋል። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለኮሮና ሕሙማን ጥቅም አላየንበትም ብሎ ሙከራውን አቆመ። ልጅዎም ይህንን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ያንን ሰሞን እንዴት እንዳለፈችው ያውቃሉ? ካላወቁ አይቀየሟት። ብዙዎች ለእናታቸው አይነግሩም። ከራሳቸው ፍርሃት ላይ የእናታቸውን ፍርሃት መሸከም ስለማይችሉ ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። ዛሬ ወይም ነገ አንዲት የድምፅ መልእክት ይላኩላት። አይደውሉ፤ መልእክት ስትሆን በራሷ ሰዓት ትሰማዋለች። እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «ልጄ፣ ስልኬ እንዳስጨነቀሽ ገባኝ። የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ፍርሃቴን አንቺ ላይ ጣልኩት። ከዛሬ ጀምሮ እንዴት ብንገናኝ ይመችሻል? አንቺ ንገሪኝ።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «ግን እኔኮ እናትሽ ስለሆንኩ ነው» የምትለዋን አይጨምሩ። አውቃለሁ፣ ከአፍዎ ልትወጣ ትታገልዎታለች። ይቅርታው የሚበላሸው በእሷ ነው።

መልስ እስክትሰጥ አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሀል ማታ ማታ «ደህና ነኝ» የምትለው ካልተቋረጠች ይታገሱ።

ስትመልስልዎ ሁለታችሁ የምትስማሙበት ነገር ይኑር። በቀን አንዴ፣ በምትመርጠው ሰዓት። ድምፅም ይሁን ጽሑፍ ምርጫው የእሷ ነው። ጽሑፉ ካልመጣ ደግሞ ምን ይደረግ? ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እርስዎን የሚያስተኛዎት ይኼ ነው። ለምሳሌ እስከ ጧት ድረስ ድምፅዋ ከጠፋ አጠገቧ የሚኖር አንድ ጓደኛ ወይም ጎረቤት በር ያንኳኳል። የዚያ ሰው ስልክ እርስዎ ጋር ይኑር። የሐኪሟ ስልክ እና የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝርም አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። ልጅዎ አዋቂ ናት። በብዙ ቦታ ያለ እሷ ፈቃድ ሐኪም ለወላጅ እንኳ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ስለ እሷ እንዲናገር እንደምትፈልግ አሁን፣ ደህና በሆነችበት ሰዓት ትወስን። እርስዎን ላትመርጥ ትችላለች። ያማል፣ ግን ምርጫዋ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «መከላከያዋን ያዳክማል» ሲባል «ታዲያ ለምን ለጊዜው አታቆመውም?» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ይሆናል። እንዲህ እንዳይሏት። ለሉፐስ ከሚታዘዙት አንዱ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ቆይቶ በድንገት ካቆመ አደጋ አለው፤ ሰውነቱ ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ስለሚቆይ ማለት ነው። ሌሎቹም ሲቋረጡ ሉፐሱ ራሱ ሊነሳ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ የሉፐሱ ይሁን የኢንፌክሽን በስልክ እናትና ልጅ የሚለዩት ነገር አይደለም። ወዲያው ለሐኪሟ ትደውል። ስለ ኮሮና ክትባትም ከሐኪሟ ጋር ትማከር። የእርስዎ ድርሻ እርስዎና ባለቤትዎ መከተባችሁ ነው።

ስምምነቱን የሚያፈርሱበት ጊዜም አለ። ትንፋሽ እንዳጠራት ከሰሙ፣ ንግግሯ ከተምታታ፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ነገር ካሰማች ደንቡን ይርሱት። ስለ መጨረሻው ብዙ ወላጆች መጠየቅ ይፈራሉ። በቀጥታ ይጠይቋት፦ «ራስሽን ስለ መጉዳት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም። አዎ ካለች ብቻዋን እንዳትሆን አድርጉ፤ የዚያኑ ቀን ባለሙያ ያግኛት።

«ጠቅልዬ ላምጣት» ያሉትን ተዉት እላለሁ። ሐኪሟ እዚያ ነው፣ ምርመራዋ እዚያ ነው፣ ሥራዋም እዚያ ነው። ጉዞው ራሱ ለኮሮና ያጋልጣታል፤ እናንተ ቤት ደግሞ የሚወጣና የሚገባ ሦስት ሰው አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ሉፐስ ከልጅዎ ብዙ ነገር ወስዷል። ብቻዋን መኖር መቻሏን አልወሰደም። እሱን እርስዎ እንዳይወስዱባት። ይልቅ «ብትታመሚ እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። አዎ ካለችዎ በዚያ ቀን ይሄዳሉ፦ ከመነሳትዎ በፊት ሰው ከሚበዛበት ቦታ ተቆጥበው፣ ተመርምረው፣ መንገድ ላይ ማስክዎን ሳያወልቁ። እዚያም ሲደርሱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መስኮት ከፍቶ፣ ለየብቻ ተኝቶ መክረም ነው።

ታዲያ ፍርሃቴን የት ላድርሰው ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጅዎ ላይ አይሁን እንጂ ሰው ላይ መድረስ አለበት። ባለቤትዎ «ተያት» ሲሉ ግድ የላቸውም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ አባት ሲፈራ ነው እንዲህ የሚለው። ማታ ቁጭ ብላችሁ «አንተስ ምን ትፈራለህ?» ብለው ይጠይቋቸው። የሚሉት ሊያስገርምዎ ይችላል። ሌላም የምመክረው ዘዴ አለ። በቀን ሃያ ደቂቃ ለጭንቀት ይመድቡ፤ ከመኝታ ሰዓት የራቀ ይሁን። ሐሳቡ በሌላ ሰዓት ሲመጣ በአንድ ቃል ማስታወሻ ይያዙና «በሰዓትሽ ነይ» ይበሉት። ያስቃል። ብዙ ሰዎች ላይ ግን ሲሠራ አይቻለሁ። እኔም በወረርሽኙ መጀመሪያ ሰሞን እናቴን በቀን አራት ጊዜ እየደወልኩ አሰልችቼያት ስለነበር ዘዴውን ራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። የኮሮና ዜናንም በቀን አንዴ ካዩ ይበቃል። ማታ ባይሆን ይመረጣል።

ያልጻፉልኝን አንድ ነገር ልንካ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ልጃቸው የታመመባቸው እናቶች ብዙ ጊዜ «ከእኔ ይሆን የመጣባት?» የሚል ጥያቄ ዝም ብለው ይዘው ይዞራሉ። ሉፐስ አንድ ምክንያት የለውም። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። የዘር ተጋላጭነት አለበት፣ ሆርሞን አለበት፣ የአካባቢ ነገርም አለበት። በአስተዳደግ የሚመጣ ሕመም አይደለም። ቀን ስድስት ጊዜ የሚያስደውለው አንዳንዴ ይኸው ዕዳ ነው፤ ልጅ ደግሞ ያልሰጠችውን ብድር ማስከፈል አትችልም።

እና ስትደውሉ የምታወሩት ይኑራችሁ። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት፣ ስለሚያናድዳት አለቃ። እርስዎም የራስዎን ይንገሯት፤ ምክር ይጠይቋት እንጂ። ሁልጊዜ ተረጂ መሆን የሰለቸው ሰው አንዴ ሲጠየቅ ድምፁ ይቀየራል።

አሁን ስለ ታናሽ ወንድሟ። በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው ያገኘው። «አያስቸግረኝም፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚውለው።» የታመመ ልጅ ባለበት ቤት ጤነኛው ልጅ አለማስቸገርን እንደ ሥራ ይይዘዋል። ስድስቱንም ጥሪ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል። እሱም ለእህቱ ይፈራ ይሆናል፤ «አንተስ?» ያለው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ዛሬ ማታ የመልእክቱን መልስ ስልክዎ ላይ እያዩ ከሚቆዩ፣ ስልኩን እዚያው ትተው በሩን ያንኳኩ።