ከባዱን ሞተር በዝግታ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ ክሩዘር ሞተር ሳይክል ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም የምነዳው ክሩዘር ነው። ሮያል ኢንፊልድ ሱፐር ሜትዮር 650 ነች። መልኳ የድሮ፣ ውስጧ የዘመኑ። ኢንጀክሽንም (ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ)፣ ኤቢኤስም (ጎማው በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ) አላት። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእነዚህ ዝቅና ረዘም ላሉ ሞተር ሳይክሎች ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። እስካሁን ትንንሽ ሞተሮች ነድቻለሁ። አሁን ክሩዘር መግዛት አምሮኛል። ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ይከብድሻል፣ አትችይውም" ይለኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ያሉሽ ቁመትሽን አይተው ከሆነ አትስሚያቸው። ለአጭር ሰው እንደ ክሩዘር የሚመች ሞተር ሳይክል ማግኘት ይከብዳል። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊ ሜትር ነው። የትራያምፍ ስፒድማስተር 1200 ደግሞ 705። የእኔዋ 740 ነች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ እግርሽ መሬቱን ደህና አድርጎ ይረግጣል። የእኔዋ ላይ ተረከዝሽ ትንሽ ሊነሳ ይችላል።

ዋናው ነገር ክብደቱ ነው። ቢኤምደብሊው አር 18ን እዪ። መቀመጫው ልክ እንደ ሬብል 690 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ግን 345 ኪሎ ነው! ሬብል 190 ኪሎ ገደማ ነች። የመቀመጫ ከፍታ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ሁለቱን እኩል ናቸው ሊል ነው። የእኔዋ 241 ኪሎ ትመዝናለች፤ ስፒድማስተር 263።

ይህ ሁሉ ክብደት ጉዞ ላይ አይታወቅሽም። ፍጥነት ሲጨምር ሞተሯ ራሷን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች። የሚታወቅሽ ስታቆሚ፣ ስትገፊ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሪ ነው። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ኢንጂኑን ሳታስነሺ ፈትኛት። ከጎን ማቆሚያዋ ላይ ቀና አድርጊያት። ተቀምጠሽ በእግርሽ ወደ ኋላ ግፊያት። ከዚያ ውረጂና በጎኗ ቆመሽ መሪዋን እስከ ጥግ አዙረሽ ክብ አስሂጃት። ይህን ያለ ሰው እርዳታ ከቻልሽ ያቺ ሞተር ላንቺ ትሆናለች። ካንቀጠቀጠሽ ቀለል ባለችው ጀምሪ። ነውር የለውም።

ከገዛሽ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የምትለማመጂው ቀስ ብሎ መንዳትን ይሁን። ባዶ ሜዳ ፈልጊ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ንጂ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ አትልቀቂው፤ መያዝ ሲጀምር የሚሰማሽ ቦታ አለ፣ እዚያው ላይ አቆዪው። ነዳጅ ትንሽ ግን ሳይቆራረጥ ስጪ። ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን በስሱ ተቆጣጠሪ። ዓይንሽ መሄድ ወደምትፈልጊበት ይሂድ፣ የፊት ጎማውን አትዪ። መሪው ዞሮ ሳለ በዝግታ ስትሄጂ ደግሞ የፊት ፍሬን እንዳትነኪ! የፊት አሞርዛተሩ ይጠልቃል፣ ጎማው ይቆማል፣ ክብደቱ ሁሉ መሪው ወደዞረበት ይደፋል። ትልልቅ ሞተሮች በቆሙበት ሲወድቁ የማየው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

አንድ ቀን ብትወድቅብሽ ደግሞ ለመያዝ አትታገይ። ልቀቂያት፣ እግርሽን አውጪ። የብረት ጭረት ይጠገናል፤ ጉልበትና ወገብ ግን እንዲያ አይደሉም። መጀመሪያ ኢንጂኑን አጥፊ። የወደቀችው በቀኝ ጎኗ ከሆነ የጎን ማቆሚያውን ዘርጊና አንደኛ ማርሽ አስገቢ። በግራ ከሆነ ማቆሚያው መሬት ላይ ስለሚሆን አይዘረጋም፤ ቀና ካለች በኋላ ወደ ሌላው ጎን እንዳትገለበጥ ተጠንቀቂ። መሪዋን ወደ ወደቀችበት በኩል እስከ ጥግ አዙሪ። ጀርባሽን ሰጥተሽ መቀመጫው ላይ ቁጢጥ በይ። በአንድ እጅሽ መሪውን፣ በሌላው ከመቀመጫው ሥር ጠንካራ ብረት ያዢ። ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ በእግርሽ ጉልበት በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፋሽ አንሺያት። ይህን ግን ብቻሽን አትጀምሪው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሪ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

ጥያቄ፦ ኩርባ ላይ የእግር መርገጫዬ አስፋልቱን ይጭራል። ጓደኞቼ ጫፉን አስቆርጠው ይሉኛል። ዕድሜዬ ከ60 አልፏል፤ በፍጥነት የምነዳም አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ እንዳያስቆርጡት። መርገጫው መጀመሪያ እንዲነካ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሥሩ ትንሽ ብሎን ያለው ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው። መርገጫው መታጠፊያ ስላለው ሲነካ ወደ ላይ ይታጠፍልዎታል። ከእሱ ቀጥሎ የሚነካው ግን ማርሚታው ወይም የሞተሯ አካል ይሆናል። ያ አይታጠፍም፤ ጎማውን ከመሬት ሊያነሳው ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ካስቆረጡት የሚቀርዎት ያ ብቻ ነው።

ክሩዘር ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አያጋድልም። ፍጥነትዎን ኩርባው ውስጥ ሳይገቡ ይጨርሱ። ከወገብዎ በላይ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘንብሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሯ ያንኑ ኩርባ በትንሽ ማጋደል ትዞራለች። ከጫረ ደግሞ ደንግጠው ነዳጁን በአንድ ጊዜ አይዝጉት፤ ሞተሯ ይብስ ዝቅ ትላለች። እጅዎን ሳይለውጡ ኩርባውን ይጨርሱ። ሰው ኋላ የሚጭኑ ከሆነ የኋላ አሞርዛተሩን ሞላ ጠበቅ ያስደርጉ። ብዙ ሰው ሞተሯ ከፋብሪካ ስትወጣ በነበረችበት ትቷት ሁለት ሰው ይዞ ይነዳል፣ ከዚያ ዝቅ አለች ይላል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለት ያላት ክሩዘር ገዛሁ። አንዱ በየሳምንቱ ዘይት አድርግ ይለኛል፣ ሌላው ምንም አያስፈልገውም ይላል። በቀበቶ የምትሄደዋን ብገዛ ይሻለኝ ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀበቶ ደስ የሚል ነገር ነው። ሃርሊዎቹ፣ ካዋሳኪ ቫልካን 900፣ ያማሃ ቦልትም በቀበቶ ነው የሚሄዱት። ዘይት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ ልብስ አያቆሽሽም። ጠላቱ በቀበቶውና በጥርሱ መካከል የምትገባ ጠጠር ነች። ጠጠር የሚበዛበት መንገድ የምታዘወትር ከሆነ ሰንሰለትህን አትናቀው። አር 18 ደግሞ በዘንግ ነው የሚሄደው፤ ክብደቱን አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ሰንሰለትህ። የዘመኑ ሰንሰለት በየፒኑ ዙሪያ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉት። ቅባቱን ውስጥ አፍነው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የምትቀባው ዘይት ሥራው ቀለበቶቹ እንዳይደርቁ፣ ብረቱ እንዳይዝግ፣ ሰንሰለቱና ስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) እንዳይፋጩ ነው። እኔ በየ500 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ እቀባለሁ። ዝናብ ከመታው ሳልቆጥር እቀባለሁ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አላስጠጋውም፤ ሁለቱም ቀለበቶቹን ይበላሉ። ትንሽ ላምባ በጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

የምቀባው ከጉዞ ስመለስ፣ ሰንሰለቱ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ጎማውን በእጄ እያዞርኩ፣ ከታችኛው መስመር የውስጥ ገጽ ላይ በስሱ እረጫለሁ። ስትዞር ዘይቱ ወደ ውጭ ስለሚበተን ከውስጥ የቀባኸው ሁሉንም ያዳርሰዋል። ከዚያ ትርፉን እጠርጋለሁ። አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ፦ ኢንጂኑን አስነስተህ፣ ማርሽ አስገብተህ ጎማው በራሱ እየዞረ እንዳታጸዳ። ጊዜ ይቆጥባል ብለው የሚያደርጉት አሉ። ጨርቁን ሰንሰለቱ ከያዘው ጣትህን ይዞ ነው ስፕሮኬቱ ውስጥ የሚገባው። ይህ ጣት ያስቆረጠ ነገር ነው።

ሰንሰለቱ ምን ያህል መላላት እንዳለበት የሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ ይነግርሃል፤ በብዙዎቹ የኋላ ጎማውን በያዘው ብረት ላይም ተለጥፏል። የምትለካው ታችኛው መስመር መሃሉ ላይ ነው። ጎማውን እያዞርክ ደግመህ ደጋግመህ ለካ፤ ሰንሰለት እኩል አያረጅም። የምታስተካክለው በጣም በጠበቀበት ቦታ ለክተህ ነው። ሰው ሁሉ መላላትን ይፈራል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ከልክ በላይ መጥበቅን ነው። የጠበቀ ሰንሰለት ጉድጓድ በመታህ ቁጥር ኩሽኔታውን ይጎትታል። የአክስሉን ዳዶ ፈታ አድርገህ በቀኝም በግራም ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል አዙር፤ ስትጨርስ ዳዶውን በተባለው ልክ አጥብቅ። የስፕሮኬቱ ጥርሶች ወደ አንድ ጎን እንደ መንጠቆ ከጎበጡ ጊዜው አልቋል። ያኔ ሰንሰለቱንና ሁለቱንም ስፕሮኬቶች አንድ ላይ ቀይር። አዲስ ሰንሰለት አሮጌ ጥርስ ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኋላ ስትቀመጥ ቶሎ ይደክማታል። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ብዙ ክሩዘሮች የኋላ መቀመጫቸው ለመልክ የተሠራ ነው፤ ቀጭንና አጭር። ሰፋ ያለ መቀመጫና የጀርባ መደገፊያ ግዛላት። እሷ ራሷ ተቀምጣ ትምረጥ። ከዚያ ደግሞ አነዳድህን ተመልከት። ፍሪሲዮን በድንገት ስትለቅ፣ ፍሬን በድንገት ስትይዝ ድንጋጤው የሚደርሰው እሷ ላይ ነው። መውረድ ስትፈልግ መነጋገሪያ ምልክት ይኑራችሁ፤ "ቁም" ስትል ደግሞ ቁም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን የተደረደሩባቸው አዳዲስ ክሩዘሮች ድምፃቸው ልክ እንደ ቪ ኢንጂን (ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ እንደተከፈቱት) ነው። በማርሚታ የተሠራ ማታለያ ነው ይባላል። እንዲህ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ፤ በጣም የምወደው ጉዳይ ነው። ማታለያ አይደለም። ድምፁ የሚመነጨው ከክራንክሻፍቱ ነው፤ የፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ ማለቴ ነው።

አራት ምት ያለው ኢንጂን ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቃጥለው ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር አንዴ ነው። ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣችው ትራያምፍ ቦኔቪል ጭምር፣ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ተራ በተራ በየ360 ዲግሪው ያቃጥላሉ። ድምፁ እኩል የተከፋፈለ ነው። ካዋሳኪ ደብሊው 800 ይህንኑ አሠራር ጠብቃ ይዛለች።

በተለመዱት ሃርሊዎች ደግሞ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ክራንኩን በአንድ ፒን (ፒስተኖቹ ክራንኩ ላይ በሚያያዙበት ብረት) ይጋራሉ። ስለዚህ ማቃጠሉ 315፣ ቀጥሎ 405 ዲግሪ ይሆናል። ያ የምናውቀው የተንገዳገደ ምት ከዚህ ነው። በ90 ዲግሪ የተከፈተ ቪ ከሆነ 270 እና 450 ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው መሐንዲሶቹ የሚያስደንቁት። ሲሊንደሮቹን ጎን ለጎን ትተው የክራንኩን ፒኖች ብቻ በ270 ዲግሪ አራራቋቸው። ማቃጠሉ 270 እና 450 ሆነ። ልክ እንደ 90 ዲግሪው ቪ! ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1995 ቲአርኤክስ 850 ላይ ይህንን ይዞ መጣ። የእኔዋም፣ ስፒድማስተር 1200ም ኢንጂናቸው እንዲህ ነው። ጥቅሙ በድምፅ ብቻ አያበቃም። አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ሌላው በሙሉ ፍጥነቱ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ የኢንጂኑ ንዝረት ይቀንሳል። ረጅም መንገድ ነድተህ ስትወርድ እጅህ አይደነዝዝም።

ለክሩዘር ደግሞ ጉልበቱ የት እንደሚገኝ ወሳኝ ነው። ስፒድማስተር 106 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት) የሚያወጣው በደቂቃ 4000 ዙር ላይ ነው። ማርሽ ሳትቀንስ ነዳጅ ሰጥተህ ዳገት ትወጣለህ። ይህንን ኢንጂን በትልቅ ጩኸት ማርሚታ መለወጥ ለእኔ ማበላሸት ነው። የራሱ ድምፅ ይበቃዋል። ጎረቤትም ይተኛ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የቆመች ክሩዘር ልገዛ ነው። የሄደችው 3000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሻጩ "እንደ አዲስ ነች" ይላል። ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቆም ለሞተር ሳይክል ዕረፍት አይደለም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቆ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ፈልግ፦ 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ የቅያሪውን ወጪ አስብ። የነዳጅ ታንኩን ክፈትና በባትሪ መብራት ውስጡን እይ፤ ዝገት ካለ ዋጋው ላይ ተነጋገር። የፊት አሞርዛተሮቹ ላይ የዘይት ቀለበት ካየህ ዘይቱን የሚያፍኑት የጎማ ማተሚያዎች አልቀዋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስተህ መሪውን ቀስ ብለህ ከጥግ ወደ ጥግ አዙር፤ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ መቀየር አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ሳትነሳ እንድትጠብቅህ ለሻጩ አስቀድመህ ንገረው። እንደደረስክ ኢንጂኑን በጥንቃቄ ዳስስ። ከሞቀ አስነስቷታል ማለት ነው፤ በብርድ አልነሳ የሚል ኢንጂን ችግሩ ከሞቀ በኋላ አይታይም። ያኔ ነገ ጠዋት ተመልሼ ልምጣ በለው።