ቀበቶውን ተወው፣ ዳዶውን እይ

ከቪትዝ የወጣ የመቀመጫ ቀበቶ እቤትህ በምትሠራት ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ላይ ይሆን እንደሆነ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ እኔም አዳማ ጓሮዬ ውስጥ ያንኑ አድርጌ ተቃጥያለሁ።

1. መኪናው የተገጨ ከነበረ ቀበቶውን ጣለው፤ አንዴ ተወጥሯል። ፀሐይ ያነጣውንም እንዳትነካ።

2. የትከሻው ማሰሪያ፣ ማለትም የትከሻ ቀበቶው ከአውሮፕላኗ ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ከትከሻህ ዝቅ አይበል፤ ዝቅ ካለ በግጭት ጊዜ አከርካሪህን ቁልቁል ይጫነዋል። ከትከሻ እኩል ጀምሮ እስከ 30 ዲግሪ ሽቅብ ይሁን። የእኔ በያጅ "እንዲህ ያምራል" ብሎ ዝቅ አድርጎ በይዶት በግራይንደር አስቆርጬዋለሁ።

3. ብሎን። የመኪና ቀበቶ ብሎን ባብዛኛው 7/16 ኢንች ነው፣ በኢንች 20 ጥርስ። ዳዶው መኪናው ላይ የተበየደ ስለሆነ አብሮ አልወጣልኝም። ሱቅ ስሄድ ልጁ ኤም 12 ባለ 1.25 ጥርስ ዳዶ ሰጠኝ፤ ለ12 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆን፣ ከጥርስ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ማለት ነው። በጣት ሽር ብሎ ገባ። "ይላወሳል እኮ" ስለው "ዳዶ ዳዶ ነው ጋሼ፣ ሲጠብቅ ይይዛል" አለኝ። ደግሞ ያዘ! የጥርሱ ርቀት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊሜትር ግድም ስለሚለያይ የሚነካካው ጫፍ ለጫፍ ብቻ ነው።

ደግነቱ ተጠራጣሪ ነኝ። በግጭት ጊዜ ቀበቶው ላይ የሚያርፈው ጫና 70 ኪሎ ሰው በክብደቱ 9 እጥፍ ሲሰላ 630 ኪሎ ይመጣል። አውሮፕላኗን አፍንጫዋን ወደ መሬት አድርገን ሰቀልናትና ቀበቶው ላይ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ መደርደር ጀመርን። ስድስተኛው ላይ ጧ! ሲሚንቶው ዳሽቦርዱን ይዞ ወረደ። የአራት ወር ሥራ! ዳዶውን ከቆርቆሮው አጥር ሥር አገኘሁት፤ ውስጡ የጥርሱ ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሆኖ ተልጦ ተጠቅልሏል። ልጁ ጋ ይዤው ብሄድ "አጥብቀኸው ይሆናል" አለኝ።

4. ለወንበሩ የሶፋ ስፖንጅ አትጠቀም፤ ሲጨመቅ ቀበቶው ይላላል። ትክክለኛውን ቀበቶ ከውጭ አስመጣ እንዳልልህ ደግሞ የእኔን አንድ ቢሮ ሦስት ወር አስቀምጦ "የጋሪ ፈረስ ዕቃ ነው?" ብሎ ነው የሳቀብኝ። ተውኩላቸው። አሮጌ መኪና ወደሚፈታበት ተመልሼ ዳዶውን ከነላሜራው አስቆርጬ አመጣሁ። አሁን 13 ከረጢት ተሸክማ አድራለች፣ ንቅንቅ የለም! መብረሩ ፈቃድ ይጠብቃል።

አንተ ግን ከመበየድህ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ከጎን ፎቶ ተነሳና ላክልኝ፤ ትከሻህና ማሰሪያው አንድ ላይ ይታዩ።