ከጅቡቲ የመጣው ሞተር ባሕር ዳር ላይ ለምን ያጨሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አጎቴ ጅቡቲ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የሚነዳውን ባለ 80 ሲሲ ቱ ስትሮክ የአፈር መንገድ ሞተር ሳይክል ባለፈው ዓመት ሰጥቶኛል። እርሱ እንደሚለው እዚያ ሳለ አንድም ቀን አላስቸገረውም። እኔ ግን ባሕር ዳር ካመጣሁት ጀምሮ ጭሱ ሰፈሩን ይሸፍናል፤ ካንዴላው በየሁለት ሳምንቱ ጠቁሮና ረጥቦ ይወጣል፤ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዘው ይንተባተባል እንጂ አይጎትትም። አንድ መካኒክ «ዘይት በዝቶበታል» ስላለኝ ለ5 ሊትር ቤንዚን አደርገው የነበረውን ሁለት ሲኒ ዘይት ወደ አንድ ሲኒ አውርጄዋለሁ። ጭሱ ጥቂት ቢቀንስም መንተባተቡ ግን አልተወውም። ዘይቱን የማገኘው ሐይቁ ላይ ጀልባ ከሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር ራሴ ማስተካከል እችላለሁን? ከየት ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካርቡሬተሩን ከመንካትዎ በፊት ዘይቱን ወደ ነበረበት መጠን ይመልሱት። በቱ ስትሮክ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን፣ ፋሻውን፣ ሲሊንደሩንና የታችኛውን ዘንግ ኩሽኔታዎች የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው፤ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ወደዚያ አይደርስም። ዘይቱን በግማሽ ሲቀንሱ ጭሱ ቢቀልም ፒስተኑ ያለ በቂ ቅባት እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የካርቡሬተሩ ቀዳዳ የሚያሳልፈው የፈሳሽ መጠን ያው ስለሆነ፣ ዘይት በወጣበት ቦታ ቤንዚን ይተካበታል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አቅጣጫው የተሳሳተ ነው፤ የእርስዎ ሞተር በሽታው የቤንዚን ብዛት ሆኖ ሳለ ተጨማሪ ቤንዚን ሰጡት ማለት ነው። እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ምክር ተታልዬ የተዋስኩትን ሞተር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆብኝ፣ ቀሪውን መንገድ በፀሐይ እየገፋሁ ተመልሻለሁ፤ የሲሊንደሩን ማስጠረቢያም የከፈልኩት እኔው ነኝ።

ሲኒውንም ይተዉት። የሁለት ቤት ሲኒ እኩል አይሆንም፤ አንዳንዱ ሲኒ ከሌላው አንድ ተኩል ጊዜ ይይዛል። ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙና የሞተሩ መመሪያ በሚያዘው ልክ ይለኩ። መመሪያው 40 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 32 ለ 1 የሚል ከሆነ ደግሞ ለ5 ሊትር 156 ሚሊ ሊትር ያህል ይገባል። ዘይቱን በራሱ ማጠራቀሚያ ይዞ በፓምፕ የሚያቀላቅል ሞተር ከሆነ ግን ቤንዚኑ ውስጥ ደግሞ መጨመር አያስፈልግም፤ አስቀድመው ይህን ይለዩ።

ስለ ጀልባው ዘይት አንድ ነገር ልበል። የጣና ጀልባ ነጂዎች ለሞተራቸው የሚገዙት ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ነው። ይህ ዘይት የተሠራው በሐይቅ ውኃ ለሚቀዘቅዝና ሙቀቱ ብዙ ለማይጨምር ሞተር ነው። የእርስዎ ሞተር ግን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሲሊንደሩ ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚግል፣ ዕቃው ላይ ጃሶ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚል የተጻፈበትን የየብስ ሞተር ዘይት ይፈልጉ። ጓደኛዎ አልበደለዎትም፤ ዘይቱ ለጀልባው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ሥር ልግባ። ከተማችን ስሟ ባሕር ዳር ቢሆንም ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ጅቡቲ ግን በእርግጥም ባሕሩ ዳር ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም አየሩ የሚጫነው ክብደት አነስተኛ ነው። ያው የሳሳ አየር በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ሲያልፍ መጠኑ ያው ሆኖ ክብደቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የቤንዚኑ መቅጃ ቀዳዳ ግን ለጅቡቲ ተለክቶ የተበሳ ስለሆነ በዚያው ልክ አይቀንስም። በዚህም የተነሣ ለመቃጠል ከሚበቃው አየር ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ ይበዛል፤ ያልተቃጠለው ተርፎ ካንዴላውን ያርሳል፣ ዘይቱንም ይዞ በማርሚታው በጭስ መልክ ይወጣል። የጅቡቲ ሙቀት ራሱ አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱ ጥቂት ይጠባል እንጂ አይጠፋም። እንግዲህ ሞተሩ አልታመመም፤ ለሌላ አገር አየር የተሰፋ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

ይሁን እንጂ የቤንዚን ብዛት የሚመስል ሌላ ምክንያት እንዳይኖር አስቀድመው ያጣሩ። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በበረሃ አቧራ ተደፍኖ ከሆነ ሞተሩ መተንፈስ ስለሚያቅተው በትክክል የከፍታውን ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ በሳሙናና በለብ ባለ ውኃ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ በጥቂቱ ዘይት ቀብተው ይመልሱት። ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበው ቾክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይመልከቱ። ማርሚታው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረ ጥላሸት ካለም ይጠረግ። ቤንዚኑን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በጠራ ዕቃ አስቀምጠው ታችኛው ላይ ውኃ መዝቀጡን ይዩ፤ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ማስተካከያ ቢያደርጉ ልክ አይመጣም።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ወደ ካርቡሬተሩ ይሂዱ። ካርቡሬተር አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሦስት ሰዎች በየተራ የሚሠሩበት ቤት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና ነዳጅ መስጫው እስከ ሩብ ሲከፈት የሚያዘው ትንሹ የሚኒሞ ቀዳዳና ከጎን ያለው ማስተካከያ ብሎን ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ በብዛት የሚያዘው ወደ ታች የሚንጠለጠለው መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ቀዳዳ ነው፤ ይኸውም በታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ የተጠመዘዘ፣ መሀሉ የተበሳና ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የናስ ብሎን ነው። ብዙ ሰው ሞተር ባስቸገረ ቁጥር ካቻቢቴ ይዞ የጎኑን ብሎን ብቻ ሲያሽከረክር ይውላል፤ የቤዛዊት ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው የሚያጋጥምዎትን መንተባተብ ግን ያ ብሎን ቢዞር ውሎ ቢያድር አይፈውሰውም።

ስለዚህ ከዋናው ቀዳዳ ይጀምሩ። ቁጥሩ ለምሳሌ 120 ቢሆን በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይወርዱ 115፣ ከዚያ 112፣ ከዚያም 110 እያሉ በየደረጃው ይሞክሩ፤ ለ1,800 ሜትር ከፍታ በመቶ 8 ገደማ ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ልክ አካባቢ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል ከካርቡሬተሩ ጋር አንድ ዓይነት ሥሪት ይግዙ። ቀዳዳውን በሽቦ አስፍቶ ወይም በእርሳስ አጥብቦ መሥራትን የሚመክርዎት ካለ አይስሙት። በእያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ካንዴላ አስገብተው፣ ሰውና ከብት በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሙሉ ነዳጅ ጥቂት ይንዱ፤ ከዚያም ነዳጅ መስጫው እንደተከፈተ ሞተሩን በማጥፊያው አጥፍተው ወዲያው ፍሪሲዮን ይያዙና ካንዴላውን አውጥተው ይዩት። ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ደርሰዋል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ገና አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። የነጣ ከሆነ ግን አልፈውታልና ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር አይንተባተብም፣ እንዲያውም ከመጣበቁ በፊት ጥሩ የሚሮጥ ይመስላል። በሙሉ ነዳጅ ሲሄዱ ሞተሩ ያለ ምክንያት መድከም ከጀመረ ወይም የብረት ጩኸት ካሰማ፣ ሳያመነቱ ፍሪሲዮኑን ጨምድደው ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ።

መርፌው ላይ አምስት ያህል ቦዮችና አንድ ትንሽ መቆንጠጫ አለ። መቆንጠጫውን አንድ ቦይ ወደ ላይ ሲያነሡት መርፌው ወደ ታች ይወርድና ቤንዚን ይቀንሳል፤ ወደ ታች ሲያወርዱት ይጨምራል። በግማሽ ነዳጅ ያለ እንከን ከሄደ አይንኩት።

በመጨረሻ የጎኑ ብሎን። መገኛው በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየርን ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚን ይበዛል፣ ሲላላ ያንሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን የሚቆጣጠረው ቤንዚን ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቱ ስትሮክ ሞተሮች የሚበዛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ብሎኑን በስሱ እስኪነካ ድረስ አጥብቀው አንድ ዙር ተኩል ይመልሱት፤ ከዚያ ሩብ ሩብ ዙር እያላሉ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉና በሌላው የሚኒሞ ማስተካከያ ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉት። ጥሩው ቦታ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ተላልቶ ከተገኘ የሚኒሞው ቀዳዳ ሰፍቷልና በአንድ ቁጥር ይነስ፤ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ ጠቧል።

ይህ ሁሉ ልክ ለባሕር ዳር መሆኑን አይዘንጉ። ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚጠጉ ሞተሩ ይደክማል፣ ጥቂት ያጨሳል፤ ጉዳት ግን የለውም። የሚያሰጋው ወደ ታች ነው። ወደ መተማ ወይም በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ከወረዱ አየሩ ስለሚከብድ እዚህ ልክ የነበረው ቤንዚን እዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ የአጎትዎን የድሮውን ቀዳዳ አይጣሉት፣ በወረቀት ጠቅልለው ከመሣሪያዎ ጋር ይያዙት። ረጅም ቁልቁለት ላይም ነዳጅ መስጫውን ዘግተው በማርሽ ብቻ አይውረዱ፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባምና በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዘው ትንሽ ነዳጅ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የእኔም ሞተር ቱ ስትሮክ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስለቅ ሞተሩ ወዲያው አይረጋም፤ ለጥቂት ጊዜ እየጮኸ ይቆያል። ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ፣ ብሎኑም ተስተካከለ፤ ምንም አልተለወጠም።
ከጎርጎራ

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ አያስፈቱት። በመጀመሪያ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ የነዳጅ ገመዱ እንደማይወጠር ያረጋግጡ። ገመዱ ደኅና ከሆነ ሞተሩ ካርቡሬተሩ ያልለካውን አየር ከሌላ ቦታ እየሳበ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር በሚያገናኘው ጎማና በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ በመርጫ ንጹሕ ውኃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ የተሰነጠቀውን ቦታ አገኙት። ካልተለወጠ የታችኛው ዘንግ የጎማ ማኅተሞች ደርቀው ሊሆን ይችላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከተበላሸ ሞተሩ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት እየሳበ ስለሚያቃጥል የማርሽ ዘይቱ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል፤ በማግኔቱ በኩል ያለው ከሆነ ደግሞ የሚስበው ደረቅ አየር ነው። ሁለቱም ማኅተሞች ርካሽ ናቸው፤ እስኪለወጡ ድረስ ግን ሞተሩን በሙሉ ነዳጅ አይንዱት።

ጥያቄ፦ ማታ ያቆምኩት ሞተር ጠዋት ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን አፍስሶ አገኘዋለሁ።
ከባሕር ዳር፣ ሌላ አንባቢ

መልስ፦ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚዘጋት ትንሽ መርፌ ቆሻሻ ይዛለች ወይም ጫፏ ተበልቷል። ጎድጓዳውን ከፍተው መቀመጫዋን ያጽዱ፤ ተንሳፋፊውንም ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ይነቅንቁት፣ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስቷልና ይለወጥ። እስከዚያው ድረስ ማታ ማታ የቤንዚኑን ቧንቧ ይዝጉ፤ ሞተሩንም ከሰል በሚነድበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ አያሳድሩት።