የሶፍትዌር ኢንጂነር ኢንተርቪው፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሲያትል ውስጥ በአንድ ትልቅ የቴክ ኩባንያ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። ኢንተርቪው ተደርጌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሌሎችን ኢንተርቪው አደርጋለሁ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሊትኮድ (የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ) ላይ ስንት ጥያቄ ብሠራ ይበቃኛል?

መልስ፦ ቁጥሩን ተዪው። መቶ ጥያቄ በደንብ የገባው ሰው አምስት መቶ መልስ ከሸመደደው ይሻላል። እኔ በጣም የሚያሳዝነኝ ዝምታው ነው። ጎበዝ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ኮድ ብቻ ይጽፋሉ። ጠያቂው ግን በኢንተርቪው 45 ደቂቃ ውስጥ እንዴት እንደምታስቢ ማየት ይፈልጋል። ዝም ካልሽ ስለ አንቺ የሚጽፈው ነገር ያጣል።

ለምሳሌ፣ ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ድምራቸው 10 የሚሆን ሁለት ቁጥር አውጪ ተባልሽ እንበል። ወዲያው ወደ ኮዱ አትግቢ። “ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ናቸው? ኔጌቲቭ አለበት? መልስ ከሌለስ ምን ልመልስ?” ብለሽ ጠይቂ። ቀጥሎ “እያንዳንዱን ከሌላው ጋር መደመር ይቻላል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ግን በጣም ይዘገያል” በይ። ከዚያ “ያየሁትን ቁጥር ሃሽ ማፕ (የተቀመጠን ነገር ወዲያው ፈልጎ የሚያገኝ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጣለሁ። 7 ሲመጣ፣ 3 ቀድሞ ገብቷል ወይ ብዬ አያለሁ። አንድ ዙር ይበቃል” ብለሽ ጻፊ። ስትጨርሺ በትንሽ ምሳሌ መስመር በመስመር ፈትሺው። ስህተቱን ራስሽ ካገኘሽው ነጥብ ይያዝልሻል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለሽ፣ ከጓደኛ ጋር ተለማመጂው።

ጥያቄ፦ የአማዞን ሊደርሺፕ ፕሪንሲፕልስ ያን ያህል ይመዝናሉ?

መልስ፦ በጣም። አማዞን ሰው የሚመዝንባቸው 16 የአመራር መርሆዎች ናቸው፤ በየኢንተርቪው ዙሩም ይመጣሉ። “ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረኝ” ይሉሃል። እዚህ ጋ አስተዳደጋችን ይፈትነናል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ሁሉንም “ቲማችን ሠራው” ብለን እናልፈዋለን። የሚቀጠረው ግን አንተ ነህ። ችግሩን፣ አንተ በእጅህ የሠራኸውን፣ ውጤቱን ለይተህ ተናገር። “ገጹ ለመከፈት 4 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ጨምሬ ከ1 ሰከንድ በታች አወረድኩት” ማለት ጉራ አይባልም። እውነት እስከሆነ ድረስ ደረትህን ነፍተህ ተናገረው።

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ኡበር እየነዳሁ ቡትካምፕ (አጭር የኮዲንግ ሥልጠና) ጨርሻለሁ። ዕድሜዬ ያስቸግረኛል?

መልስ፦ እዚህ አሜሪካ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ሰው በዕድሜው ማግለል በሕግ ክልክል ነው። እውነቱን ልንገርዎት፤ ከዕድሜዎ ይልቅ የሚያስቸግርዎት የጀማሪ ገበያው ነው። ከ2022 የቴክ ኩባንያዎች የጅምላ ሠራተኛ ቅነሳ ወዲህ በጣም ጠቧል። ስለዚህ ትልልቆቹን ብቻ አይጠብቁ። ሆስፒታል፣ ባንክ፣ የካውንቲ መሥሪያ ቤት ሁሉ ፕሮግራመር ይቀጥራል። የሚያውቁትን ኢንጂነር ሪፈራል (ለኩባንያው እንዲጠቁምዎት) ለመጠየቅም አይፈሩ። ሬዙሜዎ እንዲታይ ይረዳል፤ ኢንተርቪውን ግን አያስቀርልዎትም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በቀጥታ አሜሪካ መቀጠር ይቻላል?

መልስ፦ ከባድ ነው። የኤች ዋን ቢ (የባለሙያ የሥራ) ቪዛ ኮታ በዓመት 65,000 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ለያዙ ደግሞ 20,000 ይጨመራል። ቀጣሪው በመጋቢት ያስመዘግብሃል፤ ከተመረጥክ ሥራው በጥቅምት ይጀምራል። በዚያ ላይ በመስከረም 2025 የወጣው አዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላለ አዲስ አመልካች 100,000 ዶላር ክፍያ ጥሏል። እኔ ብሆን አውሮፓንም እሞክራለሁ። ጀርመን በቂ የሥራ ልምድ ላለው የአይቲ ባለሙያ ያለ ዲግሪም ብሉ ካርድ (የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) ትሰጣለች። አሜሪካም ቢሮ ባለው ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ አንድ ዓመት ከሠራህ ኩባንያው በኤል ዋን ቪዛ ወደ አሜሪካ ሊያዛውርህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኦን ኮል የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ተረኛነት ነው። በተራሽ ሳምንት ሲስተሙ ከተበላሸ ሌሊትም ቢሆን ስልክሽ ይጮሃል። መጀመሪያ የመጨረሻውን የኮድ ለውጥ ወደ ነበረበት መልሺ፤ ምክንያቱን ጠዋት ትፈልጊያለሽ። ኢንተርቪው ላይ “ተረኛ በሳምንት ስንት ጊዜ ይቀሰቀሳል?” ብለሽ ጠይቂያቸው።