የድሮ ቤትን በቅርስነት ስለማስመዝገብ፦ ከአዳማ ነዋሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰላም ቤተሰብ። በድሮ ቤቶች ምዝገባና ጥገና ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፖስታ ቤት አካባቢ አያቴ የሠሩት ቤት አለን። የጭቃ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ቅርስ ይባላል እንዴ?

ይባላል እህቴ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያየው ፋይዳን ነው፤ ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ሳይንሳዊ፣ የኪነ ጥበብ ወይም የእደ ጥበብ ዋጋ አለው ወይ ይላል። የጭቃ ይሁን የድንጋይ አይመርጥም። አዳማ ደግሞ ባቡርና ንግድ ያሳደጓት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በዚህ መስመር ቤት እየሠራ የሰፈረው እህል ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ሻይ ቤት ከፋቹ ነው። የከተማዋ ታሪክ ያለው በእነሱ ቤት ውስጥ ነው። የአያትሽ ቤት ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ለማመልከት ምንም አያሳፍርሽም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻውን ለማን ነው የምንሰጠው? አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አለብን?

የለባችሁም። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን በሁለት ይመድባል፤ አገር አቀፍና ክልላዊ። የመኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በክልል ደረጃ ስለሚታይ መነሻችሁ የከተማው የባህልና ቱሪዝም ሥራ የሚመራው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ክልል ይሄዳል። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁት፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ጉዳያችሁ ትርጉም ሲጠብቅ አይውልም። የገባበትን ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ ግን ከቢሮው አትውጡ። ብዙ ጉዳይ ሲጠፋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ምን ማስረጃ ይጠየቃል? እኛ ያለን የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሰው ሁሉ ወደ ማመልከቻው ይቸኩላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ቤቱን በፎቶና በጽሑፍ ሰንዱት እላለሁ። ምዝገባው ቢዘገይ እንኳ በደንብ የተሰነደ ቤት ተከራካሪ አለው። ያልተሰነደ ቤት ሲፈርስ ግን ምን እንደነበረ የሚናገርለት አይኖርም።

ስልካችሁን ያዙና ቤቱን ከአራቱም አቅጣጫ አንሱት። ሜትር ግድግዳው ላይ አስደግፉ፣ መጠኑ ከፎቶው ይነበባል። ቀጥሎ ሰው የማያየውን አንሱ፦ የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን የእንጨት መዝጊያ፣ የበረንዳውን ከለላ፣ ጣሪያው ሥር ያለውን ወራጅና ማገር። የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ጥጉን ገለጥ አድርጋችሁ ከላዩ ያለውን እንጨት አሳዩ። እንጨቱ በምስማር ነው የተያያዘው ወይስ በጠፍር ታስሮ ነው? የቤቱን ዕድሜ ለሚገምት ባለሙያ ይህ ብዙ ይናገራል። ክፍሎቹን በሜትር ለኩና በደብተር ወረቀት ላይ ፕላን ሳሉ። በእጅ የተሳለም ቢሆን ይጠቅማል።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ግብር ደረሰኝን አትናቁት። ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ፣ የድሮ የመብራትና የውኃ ቢል፣ ቤቱ ከኋላ የሚታይበት የሠርግ ፎቶ ሁሉ ማስረጃ ነው። የድሮው ወረቀት ላይ «ናዝሬት» ተብሎ ቢገኝ አትጨነቁ፤ በማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃል።

ከዚያ ሽማግሌዎች። ዛሬ ነገ አትበሉ። «ቤቱ መቼ ተሠራ?» ብትሏቸው ዓመተ ምሕረቱን ላያስታውሱት ይችላሉ። «ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ? ወንጂ በ1946 ስኳር ማምረት ሲጀምር ነበረ? የቆቃ ግድብ ሲሠራስ? በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ማን ነበር የሚኖርበት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከሁለትና ከሦስት ሰው የተገኘው መልስ ሲገጣጠም ዘመኑ ይጠባል። በድምፅ ቅዱት፤ የተናጋሪውን ስምና የተቀዳበትን ቀን መጀመሪያ ላይ ራሳቸው እንዲናገሩት አድርጉ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነኝ። ቤቱ ጥንታዊ ነው። ማመልከት እችላለሁ?

ቤቱን መጠቆምና ሰነዱን ማዘጋጀት ትችላለህ፤ ባለቤቱ ግን መንግሥት ስለሆነ ቤቶችን የሚያስተዳድረው አካል እንዲያውቀውና ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርግ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ውስጥ የከተማችን ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉ። ተከራዮቻቸውም በእኔ ዓይን ትልቅ ውለታ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸው ያልሆነውን ቤት በአቅማቸው እየመረጉ ነው እስከ ዛሬ ያቆዩልን።

ጥያቄ፦ ግድግዳው እየተፋቀ ነው። ከማስመዝገቤ በፊት በሲሚንቶ ላስለስነው?

እባክህ አታስለስነው! የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫው ይዘጋና እርጥበቱ ቋሚው እግር ላይ ይከማቻል። አዳማ ላይ ደግሞ ምስጥ አለ። ከውጭ አዲስ የሚመስል፣ ልስኑ ሲነሣ ግን ቋሚው በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚበተን ግድግዳ አይቻለሁ። ሲሚንቶው ራሱም ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ በኋላ በትልልቁ ተገምጦ ይወድቃል።

የሚሻለው የድሮው መንገድ ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጦ ማቡካት፣ እስኪብላላ ማሳደር፣ ከዚያ በስሱ ደጋግሞ መምረግ፣ ከላይ ኖራ መቀባት። ከምርጊቱም በፊት ውኃውን አስወግድ፦ አሸንዳውን ጠግን፣ ውኃ ልኩ ላይ የተከመረውን አፈር ጥረግ፣ ቆርቆሮውን በነፋስ እንዳይነሣ አጥብቅ። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ። ቤቱ ከተመዘገበ በኋላ ግን ለማንኛውም ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በ2017 በፈንታሌ በኩል የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ግድግዳችንን ሰነጠቀው። ይፈርሳል ማለት ነው?

ስንጥቅ ሁሉ ማፍረሻ አይደለም። ቋሚና ማገር ያለው ቤት ሲናጥ ይወዛወዛል፤ ምርጊቱ ሲሰነጠቅ አጽሙ ደህና ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጻፉ፤ እየረዘመ ከሄደ፣ ወይም ቋሚው ከተዘመመ፣ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ መሐንዲስ ይየው። እስከዚያ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አይተኛ። ከቤቱ በፊት ነፍስ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ከተመዘገበ በኋላ መሸጥ፣ ማከራየት፣ መኖር እንችላለን? መንግሥትስ ያድሰዋል?

ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል። የሐረር ጁገል በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ነዋሪው ከቤቱ አልወጣም። ስትሸጡ አስቀድማችሁ ለቅርስ አስተዳዳሪው አካል ታሳውቃላችሁ። እድሳቱ ግን በመሠረቱ የባለቤቱ ወጪ ነው፤ ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ ይችላል ይላል ሕጉ። ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ቅር ይለዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሞቼ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ ይላሉ። እኔ ብቻዬን ማስመዝገብ እችላለሁ?

የወራሾች ጉዳይ ካልተስማማችሁበት ቢሮው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ወንድሞችሽን አትጣዪ። ከፊት ያለው ቤት ቆሞ ከጓሮ መሥራት ይቻል እንደሆነ መሐንዲስ አምጥተሽ አብራችሁ ስሙት። ብዙ ግቢ ጓሮው ሰፊ ነው፤ «ወይ ቤቱ ወይ ፎቁ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ የሚበርድበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ነን። ለመንገድ ልማት ይነሣል ተብሎ ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። አበቃልን?

አላበቃም፣ ግን ዛሬውኑ ተነሡ። የጽሑፍ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜ 30 ቀን ነው። አቤቱታውን በጽሑፍ፣ ከላይ ከጠቀስኩት ሰነድ ጋር አድርጋችሁ ለሁለት ቦታ አስገቡ፦ ማስታወቂያውን ለሰጠው አካልና ለባህልና ቱሪዝም። የምትጠይቁትን ለይታችሁ ጻፉ። «ቤታችን አይነካ» ከማለት «ከመፍረሱ በፊት ባለሙያ መጥቶ ይየው፣ የአጥር መስመሩ ተገፍቶ ቤቱ ሊተርፍ ይችላልና ይጠናልን» ማለት የበለጠ ይሰማል። ልማቱን መቃወም ሳያስፈልግ ቤት ማትረፍ የሚቻልበት መንገድ አለ። አይሆንም ከተባለም መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሩ ላይ ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ብንሰቅል ችግር አለው?

የቤቱን ታሪክ መጻፍ መልካም ነው። «የተመዘገበ ቅርስ» የሚለውን ግን የምዝገባው ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ አትጻፉ። የባለቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን የጠረበውን፣ ጣሪያውን የመታውን አናጢም አካቱ፤ ስማቸው የሚታወቅ ከሆነ። እምነ በረድ ላይ ከመቀረጹ በፊት ጽሑፉን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያንብቡት።