አሻንጉሊት ላይ መለማመድ ምን ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የራዲዮሎጂ (የሕክምና ምስል) የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም ነኝ። በየወሩ ግማሽ ቀን ሲሙሌሽን (የማስመሰል ልምምድ) ክፍል እንገባለን። አሻንጉሊቱ በኮንትራስት፣ ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ፣ አለርጂ ተነሥቶበታል ይባልና እንሯሯጣለን። ሕክምናውን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ያን ሰዓት የእውነተኛ ታካሚ ምስል ባነብበት አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ሬዚደንት ሳለሁ አንድ ሌሊት ብቻዬን ተረኛ ነበርኩ። ሲቲ ስካን ላይ የተኙ አንድ አባት ኮንትራስቱ እንደገባላቸው ፊታቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይል ጀመር። አድሬናሊን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። መጠኑንም አውቃለሁ። የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥኑን ግን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ስከፍተው ሁለት ዓይነት አድሬናሊን አገኘሁ፤ አንዱ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 0.1። እጄ ተሳሰረ። ነርሷ ናት ፈጥና ትክክለኛውን የቀዳችው። ሰውየው ተረፉ። እኔ ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዛሬ በምንጠቀምባቸው ኮንትራስቶች እንዲህ ያለ ከባድ አለርጂ ብርቅ ነው፤ ከ10,000 ሰው ጥቂቶች ላይ ቢታይ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ትምህርትሽን ጨርሰሽ አንድም ሳታዪ ልትወጪ ትችያለሽ። የመጣ ዕለት ግን ፋታ የለም።

ስለዚህ አደራ፣ «አድሬናሊን እሰጣለሁ» ብለሽ በአፍ አትለፊው። ሣጥኑን ራስሽ ክፈቺ። አምፑሉን ስበሪ። ለአዋቂ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቅጂና ከጭኑ መሃል በውጪው በኩል፣ ጡንቻው ላይ ውጊ። ሰው ስታዢ በስሙ ጥሪው። «አንድ ሰው እርዳታ ይጥራ» ካልሽ ሁሉም ሌላው የጠራ ይመስለዋል። ልምምዱ ሲያልቅ ስላጠፋችሁት የምትነጋገሩበትን ሰዓትም አትዝለዪ። እኔ ብዙውን የተማርኩት እዚያ ነው።

ከታካሚ ሰውነት በመርፌ ናሙና መውሰድም እንደዚሁ ነው። ጄላቲን ውስጥ የወይራ ፍሬ ቀብረሽ በአልትራሳውንድ እያየሽ መርፌ አስገቢ። የመርፌው ጫፍ ከስክሪኑ ከጠፋብሽ መግፋቱን አቁሚ፤ ፈልገሽ አግኚው፣ ከዚያ ቀጥዪ። ጄላቲን መቶ ጊዜ ብትስቺው አይደማም።

ምስል ማንበቡን በተመለከተ ልክ ነሽ፤ አሻንጉሊት አይተካውም። ንባቡንም ግን እንደ ተረኝነት ሌሊት አድርጎ መለማመድ ይቻላል፤ ጤነኛ ምስሎች ተቀላቅለውበት፣ ሰዓት ተይዞ፣ መሃል ላይ ስልክ እየተደወለ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልምምዱ ላይ ነርሶቹና የሲቲ ባለሙያዎቹ አብረዋችሁ አሉ? ከሌሉ እንዲገቡ ኃላፊሽን ለምኚ። በዚያ ሌሊት አጠገብሽ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።